የኃይል ባሕርይ ሲገጥም፦ ለደጋፊ ሠራተኞች ምን ዓይነት ሥልጠና ይሰጥ?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ጽኑ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች መኖሪያና እንክብካቤ የሚሰጥ አነስተኛ ማዕከል አስተባብራለሁ። ባለፈው ወር በምሳ ሰዓት አንድ ነዋሪ አንዲት ተንከባካቢያችንን በብርጭቆ መትቷት ግንባሯ ተሰፍቷል። ከዚያ ወዲህ ሠራተኞቹ ፈርተዋል፤ አንዱም ልልቀቅ እያለ ነው። አንድ የቴኳንዶ አሠልጣኝ በሦስት ቀን ራስን የመከላከልና ሰውን ይዞ የማቆም ዘዴ ላስተምራችሁ ብሎናል። ይጠቅመናል? የማይሆን ከሆነ ሥልጠናው ምን ይያዝ፣ ማን ይስጠው፣ ስንት ቀንስ ይፍጅ?

ምላሽ፦ ለተጎዳችው ባልደረባችሁ ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላት። በደሴ የአእምሮ ጤና ነርሶችንና ተንከባካቢዎችን ሳሠለጥን ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

የቴኳንዶ አሠልጣኙን አመስግናችሁ ብትመልሱት ይሻላል። የውጊያ ስፖርት የተሠራው ተጋጣሚን ለማሸነፍ ነው፤ ደንቡን የሚያውቅና ሲያመው በቃኝ ብሎ ምልክት የሚሰጥ ጤነኛ ሰው ፊት ለፊት እንደቆመ ይገምታል። የእናንተ ነዋሪ ግን ነገ ጠዋት እዚያው ቤት፣ ምናልባትም ከዚያችው ተንከባካቢ እጅ ቁርሱን የሚቀበል ሰው ነው። ክንድ ጠምዝዞ በሕመም ማስገደድ ነገሩን ለማገናዘብ ለሚቸገር ሰው የማቆሚያ ምልክት አይሆነውም፤ ይልቁንም ይበልጥ እንዲታገል ያደርገዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው አጥንቱ ሊሳሳ ስለሚችል፣ ለጤነኛ ጎረምሳ ቀላል የሆነው ጥምዘዛ ለእሱ ስብራት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ የበለጠ የምሠጋው ግን በሠራተኛው ላይ የሚመጣውን ለውጥ ነው። በሦስት ቀን ሰው መያዝን ብቻ የተማረ ሠራተኛ፣ በትዕግሥትና በንግግር ሊያልፍ የሚችለውን ነገር ሁሉ በመያዝ መፍታት ይጀምራል።

ሥልጠና በራሱ ምን ያህል እንደሚሠራ ሳይነገር ሥልጠና የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በጤና ሠራተኞች ላይ የሚደርስን ጥቃት ለመቀነስ የተሰጡ ትምህርቶችንና ሥልጠናዎችን የመረመረ አንድ የኮክራን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም) ጥናታዊ ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ድምዳሜውም የሠልጣኞቹ ዕውቀትና አመለካከት ቢሻሻልም የጥቃቱ ቁጥር ላይቀንስ ይችላል የሚል ነበር። በአንጻሩ ሴፍዋርድስ የተባለው አሠራር በእንግሊዝ 15 ሆስፒታሎች ውስጥ በሚገኙ 31 የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት መሠረት ግጭትን በ15 በመቶ፣ እንደ ሰው መያዝና በግድ መርፌ መውጋት ያሉትን የኃይል እርምጃዎች ደግሞ በ26 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የአሠራሩ ይዘት ግን ትግል አልነበረም፤ ሠራተኛና ታካሚ አንዱ ከሌላው የሚጠብቀውን ተስማምተው በጽሑፍ መለጠፍ፣ ደስ የማይል ወሬ ለታካሚው ከመነገሩ በፊት መዘጋጀት፣ በተረኞች ርክክብ ጊዜ ስለ እያንዳንዱ ታካሚ አንድ መልካም ነገር መናገርና የመሳሰሉት ናቸው። የእንግሊዝ ሆስፒታልና የኮምቦልቻ ግቢ አንድ አይደሉም። ቢሆንም በርክክብ ጊዜ መልካም ነገር ለመናገር በጀት አያስፈልግም። ሐሳቤም በአጭሩ ይኸው ነው፤ የሥልጠናው አብዛኛው ጊዜ እጅ ከመነሣቱ በፊት ባለው ላይ ይዋል፣ ሥልጠናውም የማዕከሉን የዕለት አሠራር ከመለወጥ ጋር ይሂድ። አሠራሩ ሳይነካ ሠራተኛውን ብቻ ማሠልጠን፣ ነገ ሌላ ሰው ሲመታ ‹ሠልጥነህ የለም ወይ?› ለማለት ብቻ ይጠቅማል።

ስለዚህ አሠልጣኝ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ የክስተት መዝገብ ክፈቱ። በእያንዳንዱ ክስተት ከድርጊቱ በፊት የነበረው፣ ድርጊቱ ራሱና ከድርጊቱ በኋላ የሆነው በየተራ ይጻፍ፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ነዋሪው ምን ተጠይቆ ወይም ምን ተከልክሎ እንደነበር፣ ሠራተኛው ምን እንዳለና ምን እንዳደረገ ይገለጽ። ‹ያለ ምንም ምክንያት ተነሣባት› የሚል ዐረፍተ ነገር በዚያ መዝገብ ውስጥ እንዳይገባ እመክራለሁ፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ‹ከዚያ በፊት የሆነውን አላየሁም› ብሎ መጻፍ ይበቃል። የምሳውን ነገር ብንወስድ፣ ሰውየው ምግቡን ስንት ደቂቃ ጠበቀ? የለመደው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር? የጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ ነበር? ቴሌቪዥኑ ይጮህ ነበር? ተንከባካቢዋ ከኋላው ነበር የቀረበችው ከፊቱ? የኮምቦልቻ የቀትር ሙቀትም መረሳት የለበትም፤ ክሎርፕሮማዚንን የመሰሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ሙቀትን የመቋቋም አቅማቸው ስለሚቀንስ በቂ ውኃና ጥላ ያስፈልጋቸዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክስተቶቹ በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ቦታ ወይም በተወሰነ ሥራ ዙሪያ ተሰብስበው ታገኟቸው ይሆናል።

‹ከድርጊቱ በኋላ› የሚለው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ጠቃሚነቱ ግን ከሌሎቹ አያንስም። አንድ ሰው ገላውን ታጠብ በተባለ ቁጥር ይማታል እንበል፤ ሲማታም ትተውት ይሄዳሉ። መማታት እንደሚያስጥለው ተምሯል ማለት ነው። ይህን ክፋት ብሎ ከመመዝገብ ይልቅ፣ ‹አሁን አይሆንም› የሚልበትን ሌላ መንገድ ማስተማር፣ ማለትም ቃል ከሌለው በእጅ ምልክት ወይም በሥዕል ካርድ እንዲናገር ማድረግና ያን ጊዜ በእርግጥ ማክበር ይሻላል። ምልክቱ ካልተከበረ ወደ መማታቱ ይመለሳል።

አሁን ተንከባካቢዎች በብዛት ወደማይማሩት፣ በእኔ እምነት ግን የሥልጠናው እምብርት መሆን ወዳለበት ጉዳይ ልለፍ። በንግግር ሕመሙን መግለጽ የማይችል ሰው በድንገት ጠባዩ ሲለወጥ መጀመሪያ የሚመረመረው አካሉ ነው። የጥርስ ሕመም፣ የጆሮ መመርቀዝ፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መስመር ኢንፌክሽን፣ ለሴቶች የወር አበባ ሕመም፣ የእንቅልፍ ማጣት ሁሉ ቁጣ መስለው ይወጣሉ። መድኃኒቱ ራሱም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሃሎፔሪዶልንና መሰል የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው አንዳንድ ጊዜ ውስጡ እየተቁነጠነጠ ቁጭ ማለት ያቅተዋል፤ ይንጎራደዳል፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ ሲከለከልም ይቆጣል። ይህ የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት ሳለ ሕመሙ የባሰበት መስሏቸው ሠራተኞች መጠኑ እንዲጨመር ይጠይቃሉ፤ ሲጨመርም መቁነጥነጡ ይብሳል። ፌኖባርቢታል በርካሽነቱ ለሚጥል በሽታ በስፋት የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ብስጩነትና መቅበጥበጥ ያመጣል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያው ነው፤ የተንከባካቢው ድርሻ ያየውን በቀንና በሰዓት መዝግቦ ማድረስ ነው። መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ፣ በተለይ የሚጥል በሽታን መድኃኒት፣ ተደጋጋሚና የማያቆም መንዘፍዘፍ ሊያስከትል ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ አደገኛ ሁኔታ አለ። ሰው ከሚጥል በሽታ ሲነቃ ለደቂቃዎች ይደናገራል፤ የት እንዳለም ማን እንደቀረበውም አያውቅም። በዚያ ሰዓት ግራ ቀኝ ይዘው ሊያስቀምጡት ሲሞክሩ ይማታል። እንዲህ ያለውን ሰው በኃይል መያዝ አያስፈልግም፤ ስለት፣ እሳትና ደረጃ ካለበት ማራቅ፣ ካልተነሣ በጎኑ ማስተኛት፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ስሙን መጥራትና መጠበቅ ይበቃል።

በወሎ የመድኃኒት መቋረጥ የሚደጋገምባቸውን ጊዜያት የምታውቋቸው ይመስለኛል። በረመዳን ቀን ቀን የሚወሰደው መድኃኒት ይዘለላል፤ ጸበል ሲገባም አንዳንዱ ቤተሰብ መድኃኒቱን ያስቆመዋል። በዚህ ላይ ከነዋሪው ወይም ከቤተሰቡ ጋር መከራከር ትርፉ ጥል ነው። ወሩ ከመግባቱ አስቀድሞ ወደ ክሊኒኩ ሄዶ መጠኑን ወደ ማፍጠሪያና ወደ ሱሑር ማዛወር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ፣ ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነጻ መሆኑን ሸኹ ራሳቸው እንዲነግሩት ማድረግ፣ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲሄዱ ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር ይሻላል። ጫት የሚቅም ነዋሪ ካለም የሚቅምበትና እንቅልፍ የሚያጣበት ሌሊት በመዝገቡ ላይ ይግባ።

ወደ ክስተቱ እንምጣ። ቁጣ ብዙ ጊዜ በእርከን ይወጣል፤ በመጀመሪያ የሚያስቆጣ ነገር አለ፣ ከዚያ ድምፅ ከፍ ይላል፣ እጅ ይጨበጣል፣ መንጎራደድ ይመጣል፣ ከዚያ ጣራው ላይ ይደርሳል፣ ቀስ እያለም ይወርዳል። ሠራተኛው የሚጠቅመው ቁጣው ገና ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ጣራው ላይ የደረሰ ሰው ምክር አይሰማም፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ሌሎችን ማራቅና ቦታ መስጠት ነው። ሲወርድም አካሉ ገና ስላልረጋ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ በትንሽ ነገር መልሶ ሊነሣ ይችላል። ‹ለምን እንዲህ አደረግህ?› የሚለውን ጥያቄ በዚያ ሰዓት ማንሣት ነገሩን እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ቁጣው በሚወጣበት ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሦስት ሰው ከሦስት አቅጣጫ ሲያረጋጋ ሰውየው እንደተከበበ ይሰማዋል። ተናጋሪው ነዋሪው የሚወደው ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ የአለቃነት ማዕርግ በዚህ ሰዓት ዋጋ የለውም። ከሁለት ክንድ ያላነሰ ርቀት ይጠበቅ፤ ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ትንሽ ጎን ብሎ መቆም፣ መዳፍን ከፍቶ ማሳየት፣ የሰውየውንም የራስንም መውጫ በር አለመዝጋት ያስፈልጋል። ቃላቱ አጭር ይሁኑ። ‹አብሽር፣ እዚሁ ነኝ› ብሎ ዝም ማለት ከረጅም ተግሣጽ ይበልጣል። አንጋፋውን ነዋሪ ‹አባባ፣ ውጪ ነፋስ ላይ ይቀመጣሉ ወይስ ክፍልዎ ይሻልዎታል?› ብሎ በሁለት ምርጫ መጠየቅ ክብሩንም ውሳኔውንም ያቆይለታል፤ አንቱታው በዚያ ሰዓት ወደ አንተ ከወረደ ግን ሰውየው ወዲያው ያውቀዋል። ማስፈራራት፣ ‹ፖሊስ ልጥራ?› ማለት፣ በሰው ፊት መሳቅ፣ በስልክ መቅረጽ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካዳረሰ ወዲህ የወታደር ዓይነት ልብስና ድንገተኛ ጩኸት የሚያስደነግጣቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ የጥበቃ ሠራተኛችሁ እንደ ወታደር ዥንጉርጉር ልብስ የሚለብስ ከሆነ ቢቀይረው መልካም ነው።

ቤቱም ይታይ። በምግብ ሰዓት የመስታወት ብርጭቆ በፕላስቲክ ኩባያ ቢተካ፣ ምግቡ በሁለት ዙር ቢቀርብ፣ ቡና ሲፈላ የከሰል ምድጃውና ጀበናው ነዋሪዎች ከሚመላለሱበት መንገድ ቢርቁ ጉዳቱ ይቀንሳል። በአንገት የሚጠለቅ መታወቂያ፣ በአንገት የተጠመጠመ ነጠላ፣ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ሒጃብና የሚንጠለጠል ጉትቻ ለተረኛ ሠራተኛ አደጋ ናቸው፤ ሲጎተት በቀላሉ የሚወልቅ ሒጃብ ይመረጣል።

ከአካል ጋር የተያያዘው የሥልጠናው ክፍል በዋነኛነት ማምለጥን ያስተምር። የእጅ አንጓዋን የተያዘች ሠራተኛ እጇን በያዣው አውራ ጣት በኩል አዙራ ታስለቅቃለች። ፀጉሯን ከተያዘች የያዣትን እጅ በሁለት እጇ ወደ ራሷ ተጭና ትይዛለች እንጂ ወደ ኋላ አትስብም፤ መጎተቱ ነው የሚነቅለው። የተነከሰ ሰውም ክንዱን ወደ ውጪ ከመሳብ ወደ አፉ ጠጋ ማድረግ አለበት፤ ሲስብ ሥጋው ይቀደዳል። እነዚህን ከንባብ መማር አይቻልም፤ የሚያውቅ ሰው እያሳየ ደጋግሞ ማለማመድ አለበት።

ሰውን መያዝ የሚታሰበው የራሱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት ወይም አካል ወዲያው አደጋ ላይ ሲሆንና ሌላ መንገድ ሲታጣ ብቻ ነው። ምግብ አልበላም ወይም አልታጠብም ማለት፣ ዕቃ መስበርም ጭምር ለመያዝ በቂ ምክንያት አይደለም። ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ በደረቱ ማስተኛት፣ ጀርባው ላይ መቀመጥ ወይም በጉልበት መጫን፣ አንገት መያዝ፣ ጎንበስ አድርጎ ደረቱን ከጉልበቱ ጋር ማጣበቅ ሰውን በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል፤ የደረት መነሣትና መውረድ ሲታገድ ታጋዩ አየር ያጥረዋል፣ ለአየር ሲታገልም አመፀ ተብሎ ይበልጥ ይጫኑታል። የሚናገር ሰው ይተነፍሳል የሚለው አባባልም ሐሰት ነው፤ ጥቂት ቃል ለማውጣት የሚበቃ አየር ለመኖር አይበቃም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ የሆነው ናይስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በደረት አስተኝቶ መያዝ እንዲወገድና በእጅ መያዝ በመደበኛነት ከ10 ደቂቃ እንዳያልፍ አሳስቧል። እኔ በእናንተ ዓይነት ማዕከል ውስጥ ከዚያም እጅግ ማጠር አለበት እላለሁ፤ ምክንያቱም ኦክስጅንና ሐኪም አጠገባችሁ የሉም። ከያዦቹ ውጪ አንድ ሠራተኛ ሥራው ፊቱን፣ የከንፈሩን ቀለምና አተነፋፈሱን መመልከት ብቻ ይሁን፤ እሱ ‹ልቀቁ› ካለ ሁሉም ይለቃል፣ አለቃም ቢሆን አይከራከረውም። በገመድ፣ በነጠላ ወይም በሰንሰለት ማሰር በሥልጠናው ውስጥ እንደ አማራጭ እንኳ አይነሣ።

ሕጉን በሚመለከት ሠራተኞቹ ሁለት ነገር ቢያውቁ ይበቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መከላከሉ ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት፣ ልኩን ማለፍ የሚያስከትለውንም ቀጣዩ አንቀጽ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ማንንም ሰው ከጭካኔና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ ይጠብቃል፤ ነዋሪው ታማሚ በመሆኑ ይህ መብት አይቀርበትም። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች።

ወደ ደሴ ሪፈር የምታደርጉበት ጊዜ ይኖራልና ስለ መንገዱም ጥቂት ልበል። በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ የተቆጣን ሰው ይዞ መውጣት ከማዕከሉ ክስተት የባሰ ነው። ጣራው ላይ ሳለ መኪና ውስጥ አይግባ፤ እስኪበርድ ይጠበቅ። ባጃጅ አይሆንም። ከሹፌሩ ጀርባ አይቀመጥ፤ የሚያውቁት ሁለት ሠራተኞች አብረውት ይሁኑ፣ ወዴትና ለምን እንደሚሄድ አስቀድሞ ይነገረው፣ ለተቀባዩ ሆስፒታልም ይደወል። ‹ሐይቅ ልናዝናናህ ነው› ብሎ አታሎ ሆስፒታል ማድረስ ለአንድ ቀን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ዳግመኛ መኪና ለመግባት እሺ አይልም። የሚያረጋጋ መርፌ ከተሰጠው በኋላ የሚጓዝ ከሆነም በጎኑ ይሁን፣ አተነፋፈሱ እስኪደርስ ድረስ ይታይ።

ማን ይስጠው ላሉት፣ በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ትምህርት ክፍል አለው፤ በከተማው ሆስፒታልም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች አሉ። ደብዳቤ ስትጽፉ ‹ሥልጠና ስጡን› ከማለት ይልቅ የክስተት መዝገባችሁን አያይዛችሁ ‹በዚህ ላይ ተመሥርታችሁ አሠልጥኑን› በሉ። ስለሚያሠለጥነው ሰው የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ይሁን፤ በደረት ማስተኛትን ወይም በሕመም ማስገደድን ያስተምራል? አዎን ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣቸው፣ በአእምሮ ጤና አገልግሎት ውስጥ የሰዎችን መብት ስለማክበር የሚያስተምሩት የኳሊቲራይትስ የሥልጠና ጽሑፎች በነጻ ስለሚገኙ አሠልጣኙ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ስንት ቀን ለሚለው፣ በአዳራሽ ተሰብስቦ ሦስት ቀን ከመዋል ሁለት ቀን ተምሮ በየወሩ አንድ ከሰዓት እዚያው ማዕከላችሁ ውስጥ መለማመድ ይበልጣል። ልምምዱ በምግብ አዳራሹ፣ በመታጠቢያው በርና በጠባቡ ኮሪደር ላይ ይሁን፤ ከመዝገባችሁ የወጣ እውነተኛ ክስተት ተወስዶ፣ የነዋሪውን ቦታ ሠራተኛ ይዞ፣ በትወና ይቅረብ። ወጥ ሠሪዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ጥበቃው የግድ ይገኙ። በሌሊት ተራ ከአንድ ተንከባካቢ ጋር የሚያድረው ጥበቃው ነው፤ እሱ ሳይሠለጥን ሌሎቹ ቢሠለጥኑ የሌሊቱ ክስተት በዱላ ማለቁ አይቀርም።

ልልቀቅ ስላለው ሠራተኛና ስለተጎዳችው ባልደረባችሁ ደግሞ ከሥልጠናው በፊት የምትሠሩት አለ። ጉዳቷ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ ይመዝገብ፣ ሕክምናዋና የቀረችባቸው ቀኖች ደመወዟን አይንኩ፤ ከዚያው ነዋሪ ጋር የምትመለስበትን ጊዜ እሷ ትወስን እንጂ የተራ ሠንጠረዡ አይወስንባት። ሁለቱንም ለየብቻ አነጋግሯቸው፤ ጥፋት ፍለጋ ያልሆነ፣ ምን አየህ፣ ምን ቢኖርህ ይቀልህ ነበር የሚል ንግግር ይሁን። ሊለቅ ያሰበው ሠራተኛ በሌሊት ብቻውን የሚቆምበት ተራ ካለ፣ ከማሳመን በፊት ሁለተኛ ሰው መድቡለት። ነዋሪው ራሱም ይጠየቅ፤ በተረጋጋ ቀን፣ በሚችለው መንገድ፣ በምሳው ሰዓት ምን እንዳስከፋው። ያዩት ሌሎች ነዋሪዎችም ፈርተው ይሆናልና አትርሷቸው። ከእነዚህ ሁሉ የተገኘው መልስ ለአሠልጣኙ ከምትልኩት መዝገብ ጋር ይያያዝ።